የዋራንቲ ክፍሉን ልትይዢ ነው? ከሰርተፊኬቱ በፊት ማኑዋሉን ክፈቺ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመኪና አስመጪ ጋራዥ ሰርቪስ አድቫይዘር ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ዲፕሎማዬ በአውቶሞቲቭ ነው፤ ሲኦሲም አልፌያለሁ። አሁን አለቃዬ የዋራንቲ ክፍሉን አንቺ ትይዣለሽ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁም። ኢንተርኔት ላይ በሁለት ቀን ‹የተመሰከረለት የዋራንቲ ማናጀር› የሚያደርግ ኮርስ አየሁ። ዋጋው በዶላር ነው። ለእኔ የሁለት ወር ደሞዝ ነው። ልክፈል ይላሉ? ካልሆነስ ይህን ሙያ የት ነው የምማረው? የትኛውስ ሰርተፊኬት ነው እውነተኛ ዋጋ ያለው?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አጭሩ መልሴ ይኼ ነው፦ አሁን አትክፈይ። ረጅሙን መልስ ደግሞ ተረጋግተሽ አንብቢው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከገንዘቡ በላይ ነው።

ሐኪም ወይም ጠበቃ ለመሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው አካል የታወቀ ነው። የዋራንቲ ሥራ እንደዚያ አይደለም። በዓለም ሁሉ የሚታወቅ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ፈተና የለውም። ስለዚህ ማንም ሰው ኮርስ አዘጋጅቶ «የተመሰከረለት» የሚል ወረቀት ማተም ይችላል። ጥሩ ኮርሶች አሉ፤ አልክድም። ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፦ ሁለት ቀን ቁጭ ብለሽ ማዳመጥሽን።

ሥራው ራሱ ምንድን ነው ካልሽኝ፣ የማስረጃ ሥራ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ላይ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ አይተሻል። ከፋዩ ግን ናጎያ ወይም ሴኡል ወይም ሼንዘን ነው ያለው። መኪናውን አላየም፤ ደንበኛውን አያውቅም፤ መካኒክሽን አያምንም። እሱን በወረቀት፣ በፎቶ፣ በልኬትና በተፈታው ዕቃ ማሳመን አለብሽ። አምራቹን ስታሳምኚ ድርጅትሽ ገንዘቡን ያገኛል፤ ደንበኛውም መኪናውን ይዞ በሰላም ይሄዳል። ካላሳመንሽ ከሁለቱ አንዱ ይከፍላል።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሥራውን በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በምሠራበት ጋራዥ የተፈቱ ዲናሞዎች በረንዳ ላይ ተከምረው ነበር። አንድ ቀን ግቢ ይጽዳ ተባለ። እኔም የተከፈለበት ክሌም (ለአምራቹ የሚላክ የዋራንቲ ክፍያ ጥያቄ) ያለቀ ጉዳይ ስለመሰለኝ ዕቃዎቹን ለቁራሌው ሰጠኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምራቹ «እነዚህን ዕቃዎች ላኩልን» ብሎ ዝርዝር ላከ። ዕቃው የለም። የተከፈለን ገንዘብ በሙሉ ተመልሶ ተቆረጠ። ጥገናው ትክክል ነበር። ዲናሞዎቹም በእርግጥ ተበላሽተው ነበር። ግን ማሳየት አልቻልኩም። ያን ቀን ኃላፊዬ አልጮኸብኝም። ማኑዋሉን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ገጹን አሳየኝ። ዕቃው ለስንት ቀን መቀመጥ እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። እኔ ግን ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ትምህርት ቤትሽ የምትወክሉት አምራች የዋራንቲ ፖሊሲና አሠራር ማኑዋል ነው። በነፃ ነው፤ ምናልባት አሁን ከአለቃሽ ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቷል። ብዙ ሰው የሚያነበው ክሌም ሲመለስበት ብቻ ነው። አንቺ ግን ከፊት እስከ ኋላ አንብቢው። እርሳስ ይዘሽ አንብቢ። ዋራንቲው የሚጀምረው መቼ ነው? መኪናው ጉምሩክ ሲወጣ ነው፣ ሲሸጥ ነው ወይስ ለደንበኛው ሲረከብ? ለሙከራ ወይም ለማሳያ የዋለ መኪናስ? ጥገናው ካለቀ በኋላ ክሌሙ በስንት ቀን ውስጥ መላክ አለበት? የተፈታው ዕቃ ስንት ቀን ይቀመጣል? ለእያንዳንዱ ሥራ የተፈቀደው ሰዓት ስንት ነው? አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት የትኛው ጥገና ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሞተርና ካምቢዮ ሙሉ ለሙሉ ሲቀየር ቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃሉ። የማይሸፈነውስ ምንድን ነው? የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክ ዓይነቱ በአጠቃቀም የሚያልቅ ዕቃ መቼ ይሸፈናል፣ መቼ አይሸፈንም? መልሶቹን በራስሽ አማርኛ በአንድ ደብተር ላይ ጻፊያቸው። ያ ደብተር ለአንቺ ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይጠቅማል።

ብዙ አምራቾች ለወኪሎቻቸው ሠራተኞች የራሳቸው የኦንላይን ትምህርት አላቸው። መግቢያው የሚሰጠው በድርጅትሽ በኩል ነው። የዋራንቲ ክፍል ሠራተኛን ለይተው የሚያሠለጥኑና የሚፈትኑም አሉ። አለቃሽን ዛሬውኑ ጠይቂው። ይህ ለአንቺ የመጀመሪያው እውነተኛ ሰርተፊኬት ነው። ለምን መሰለሽ? ክሌምሽን የሚያጸድቀው አካል ራሱ ስለሚያውቀው። ከሌላ ቦታ የመጣ ወረቀት ይህን አይተካም።

ቀጥሎ መጻፍ ነው። አዎ፣ መጻፍ። በዓለም ዙሪያ የዋራንቲ ሰዎች ጥገናን በሦስት ነገር ይጽፋሉ፦ ደንበኛው ያለው፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተደረገው። በየጋራዡ የማየው ግን ይህን ይመስላል፦ «ዲናሞ አይሠራም። ተቀየረ። ሠራ።» ይህን ያነበበ ሰው ምን ይወስናል? መካኒኩ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ምንም አያሳይም።

ያንኑ ሥራ እንዲህ ጻፊው። ደንበኛው የሚለው፦ ጠዋት ሞተር ሲነሳ የባትሪ መብራት ይበራል፤ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ ይጠፋል። የተገኘው፦ ሞተሩ ተነስቶ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የባትሪው ቮልቴጅ 12.1 ተለካ። ቀበቶው፣ የባትሪው ገመዶችና ፊውዞቹ ተፈትሸው ደህና ናቸው። የዲናሞው ሬጉሌተር የሚሠራው ሲሞቅ ብቻ ነው። የተደረገው፦ ዲናሞው ተቀየረ። ቮልቴጅ 14.2 ተለካ። መኪናው አድሮ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሳ መብራቱ አልበራም።

ልዩነቱን አየሽ? ሁለተኛው ላይ ቁጥር አለ። ሌላ ምክንያት እንዳልሆነ ተጣርቷል። ከጥገናው በኋላም ተረጋግጧል። በተለይ «ከጥገናው በኋላ» የሚለውን ልኬት አትርሺ። መካኒኮቻችን ይለካሉ፤ አይጽፉም። የአንቺ ሥራ ትልቁ ክፍል ከመካኒኩ ጋር ቆሞ «ስንት ለካህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቢሮ ተቀምጠሽ ጆብ ካርድ (የጥገናውን መዝገብ) ብቻ የምትገለብጪ ከሆነ ሥራው አይገባሽም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ቁሚ። አራት ዓመት ከደንበኛ ጋር ስለተነጋገርሽ የመጀመሪያውን መስመር ከማንም በተሻለ ትጽፊዋለሽ። ይህ ትልቅ ብልጫሽ ነው፤ አትናቂው።

የተፈታው ዕቃ ለምን እንዲህ ይፈለጋል ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ዕቃው ከአንቺ መደርደሪያ ተነስቶ ወደ አምራቹ፣ ከዚያም ዲናሞውን ወደ ሠራው አቅራቢ ድርጅት ይሄዳል። እዚያ የሙከራ ማሽን ላይ ይታሰራል። የመኪና ዕቃ አቅራቢዎች የሚመሩበት የጥራት ደረጃ አይኤቲኤፍ 16949 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ፣ 10.2.5፣ ስለ ዋራንቲ አያያዝ ብቻ ይናገራል። አቅራቢው የተመለሰውን ዕቃ የሚመረምርበት ዘዴ እንዲኖረው ያስገድዳል። ዕቃው ተመርምሮ ምንም ጉድለት ካልተገኘበት ያንንም የሚያስተናግድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ይህ «ጉድለት አልተገኘም» የሚባለው ነገር የዋራንቲ ዓለም ትልቁ ራስ ምታት ነው። አንዳንዴ ዕቃው ደህና ሆኖ በግምት ተቀይሯል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጉድለቱ ሲሞቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ ብቻ የሚመጣ ሆኖ፣ በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር አይታይም። አንቺ «ጠዋት በቀዝቃዛው ብቻ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ መርማሪው ዕቃውን አቀዝቅዞ ይሞክረዋል። ካልጻፍሽ «ደህና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ በአንቺ ክሌም ላይ ጥርጣሬ ይገባል።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ የዋራንቲ ሠራተኛ «ሰርቪስ ቡኩ ላይ ያለው ብቻ ነው ሕጉ» ብሎ ያምናል። አይደለም። አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና ውል ነው። ከእሱ ውጪ የሀገር ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሽያጭ ክፍሉ፣ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን ቶሎ የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ቶሎ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ክስ ማቅረቢያውም ካስታወቀ በኋላ አንድ ዓመት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ሁለቱንም አንብቢ። ጠበቃ ለመሆን አይደለም። ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ «መብቴ ነው» ሲልሽ እውነቱን ይዘሽ በትሕትና እንድትመልሺ ነው። መብቱ ከሆነም ከአለቃሽ ፊት ለእሱ መከራከር የአንቺ ሥራ ነው።

ያየሽው ኮርስ ላይ አንድ ጥርጣሬዬ ከዚሁ ይነሳል። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ብዙ የዋራንቲ ሥልጠናዎች የሕጉን ክፍል የሚያስተምሩት በአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ይባላል። ጥሩ ሕግ ነው። ለምሳሌ አምራች «የእኔን ብራንድ ዘይትና ፊልትሮ ካልተጠቀምክ ዋራንቲህ ይቀራል» ብሎ ሸማቹን እንዳያስገድድ ይከለክላል፤ ዕቃውን በነፃ ካልሰጠው ወይም ከመንግሥት የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር። ሐሳቡን ማወቅ ይጠቅምሻል። ግን መገናኛ ወይም ቃሊቲ ላይ ለሚነሳ ክርክር አያገለግልም። የሁለት ወር ደሞዝሽን ከፍለሽ የሌላ ሀገር ሕግ ተምረሽ መምጣት የለብሽም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማበት ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ የከተማው መንገድ ተቀይሯል። ከእሱ ጋር የዋራንቲ ሥራም ይቀየራል። የብዙ አምራቾች የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የባትሪው አቅም ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ይሸፈናል። መጠኑ ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ መኪናው በማን በኩል ገባ የሚለው ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ በኩል የመጣ መኪና ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የተወሰነ ነው። ደንበኛው ግን «8 ዓመት ዋራንቲ አለው ተብዬ ነው የገዛሁት» ይልሻል። ገንዘቡን ለዓመታት አጠራቅሞ ነው የገዛው። ስለዚህ መኪና ስትረከቢ መጀመሪያ ሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ሲስተም ፈልጊ፤ መልሱን በግልጽ፣ በጽሑፍ ንገሪው። ሲሸጥም ሽያጭ ክፍሉ እውነቱን እንዲናገር ጎትጉቺ። የባትሪ አቅም አለካክ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ደህንነት፣ ከሲስተሙ ዳታ አወጣጥ፣ ይህንን የሚያስተምር ሥልጠና ካገኘሽ እሱ ገንዘብ ቢወጣበት አልቆጭም።

አሁን ቁጥር። ክሌም መላክ የፀሐፊ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን አንብቦ ችግሩን ቀድሞ ማየት የኃላፊ ሥራ ነው። አንቺን ኃላፊ የሚያደርግሽ ይኼኛው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ሞዴል 500 መኪና ሸጣችኋል እንበል። በመጀመሪያ ዓመታቸው 15 ዲናሞ ተቀየረ። 15 ለ500፣ ከሺህ 30 ነው። «ያን ያህል አይደለም» ትያለሽ። ቆይ ግን። ከ500ዎቹ 300 የተሸጡት ባለፉት ሦስት ወራት ነው። ገና አልተነዱም። ዓመት የሞላቸው 200 ብቻ ናቸው። ከ15ቱ 14ቱ ከነዚህ ከ200ዎቹ ነው የመጡት። 14 ለ200፣ ከሺህ 70 ነው። ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። አዲሶቹ መኪናዎች ችግሩን ደብቀውት ነበር። ለዚህ ነው የመኪና አምራቾች ሁልጊዜ «በሦስተኛ ወሩ፣ በአሥራ ሁለተኛ ወሩ» እያሉ እኩል ዕድሜ ያላቸውን ብቻ የሚያነጻጽሩት። ይህንን በኤክሴል መሥራት ትችያለሽ። ሻንሲ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀን፣ የተበላሸበት ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ መጀመሪያ የተበላሸው ዕቃ። አምስት ዓምድ ይበቃል። ዛሬ ጀምሪው።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ የዋይቡል ትንተና ነው፤ ዕቃዎች በስንት ዕድሜያቸው እንደሚበላሹ የሚያሳይ ስሌት ማለት ነው። ዋይቡል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ዘዴው ታወቀ። ከስሌቱ የሚወጣ ቤታ የሚባል ቁጥር አለ። ከ1 በታች ከሆነ ዕቃዎቹ ገና በአዲስነታቸው እየሞቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ወይም የገጠማ ጉድለት ነው። 1 አካባቢ ከሆነ ብልሽቱ ዕድሜ አይመርጥም። ከ1 በላይ ከሆነ ዕቃው እያረጀ ነው። ይህን ስታውቂ ለአምራቹ የምትጽፊው ደብዳቤ ይለወጣል። «ዲናሞ እየተበላሸብን ነው» ማለትና «ከዚህ ወር ምርት የሆኑት በመጀመሪያ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበላሻሉ፤ ከዚያ በኋላ የተረፉት ደህና ናቸው» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ያነበበ መሐንዲስ ስልክ ያነሳል።

አንድ ቀን ደግሞ የሂሳብ ክፍሉ ይጠራሻል። «ለዋራንቲ ስንት እንያዝ?» ይሉሻል። ይህ የሚመጣው ድርጅትሽ በራሱ ዋስትና ሲሰጥ፣ ወይም አምራቹ የማይመልሰው ወጪ ሲኖር ነው። አይኤኤስ 37 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ጥሩ ምሳሌ አለው። አንድ ድርጅት የሸጣቸው ዕቃዎች ሁሉ ቀላል ጉድለት ቢኖራቸው መጠገኛው 1 ሚሊዮን ነው። ሁሉም ከባድ ጉድለት ቢኖራቸው 4 ሚሊዮን። ካለፈው ልምድ 75 በመቶው ምንም ጉድለት አይኖረውም፤ 20 በመቶው ቀላል፣ 5 በመቶው ከባድ ይኖረዋል። ስለዚህ የ1 ሚሊዮን 20 በመቶ 200,000 ነው። የ4 ሚሊዮን 5 በመቶም 200,000 ነው። የሚያዘው 400,000 ነው። እነዚያን 75፣ 20 እና 5 ከየት ያመጣቸዋል አካውንታንቱ? ከአንቺ ኤክሴል ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችን ስለተቀበለች ይህ ጥያቄ ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል። መልሱን ይዘሽ ጠብቂያቸው።

እንግዲህ ወደ ሰርተፊኬቶቹ እንመለስ። የአምራቹን ሥልጠና ቀድመን አልን። ከዚያ ወጥቶ የማከብረው ኤኤስኪው የሚባለው የአሜሪካ የጥራት ማኅበር የሚሰጠውን የሪሊያቢሊቲ (የዕቃ አስተማማኝነት) መሐንዲስ ምስክር ወረቀት ነው። ስለ ዋራንቲ ዳታ አጠቃቀምም፣ ስለ ዋይቡልም ይፈትናል። 165 ጥያቄ አለው፤ የሚቆጠረው 150ው ነው። መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ግን መጽሐፍ የያዘ ሁሉ አያልፍም። ስምንት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሦስቱ ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ መሆን አለበት። የባችለር ዲግሪ ያለው አራት ዓመት ይቀነስለታል። ስለዚህ ለአንቺ ገና ነው። ግን የፈተናውን ይዘት ዝርዝር ማኅበሩ በነፃ ያወጣዋል። አውርጂውና እንደ መንገድ ካርታ ተጠቀሚበት። ዲግሪሽን በማታ ብትቀጥዪ ጊዜው ይደርሳል።

ሌላው ኤአይኤጂ የሚባለው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ ኢንዱስትሪ ማኅበር ያዘጋጀው ሲኪውአይ 14 የተባለ የዋራንቲ አያያዝ መመሪያ ነው። የተጻፈው በዋናነት ለአምራቾችና ለአቅራቢዎች ነው። ለወኪል ጋራዥ ሁሉም ገጹ አይሆንም። ነገር ግን ክሌምሽ ከአንቺ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደሚያልፍ ያሳይሻል። ድርጅትሽ ከገዛልሽ አንብቢው፤ ከኪስሽ ግን አትግዢው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቼም ይጠይቁኛልና፣ እዚያ በጋራዥ መቀበያ ለሚሠራ ሰው ኤኤስኢ የሚባለው የመኪና ጥገና ባለሙያዎችን የሚፈትን ድርጅት የሚሰጠው ሲ1 የተባለው የሰርቪስ አማካሪ ፈተና ይሻለዋል። ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ በአምስት ዓመት ይታደሳል፤ ቀጣሪዎችም ያውቁታል።

እዚሁ ሀገር ውስጥ በርካሽ የሚገኝም አለ። የካይዘን ሥልጠና ካገኘሽ ግቢ። አምስት ጊዜ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን በደንብ ያስለምድሻል። የኤክሴል ኮርስም ውሰጂ። የዋራንቲ ሥራ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

ያየሽው ኮርስ ላይ ደግሞ ልብሽ ካልቆረጠ፣ ከመክፈልሽ በፊት ጻፊላቸው። የሚፈትነኝ ማን ነው? የምወድቅበት ዕድል አለ? የየትኛውን ሀገር ሕግ ነው የምታስተምሩት? ምስክር ወረቀቱ ይታደሳል ወይስ ለዘላለም ነው? ከእናንተ ውጪ ይህን ወረቀት ለሥራ ማስታወቂያው መስፈርት ያደረገ ድርጅት አሳዩኝ በያቸው። ማንም የማይወድቅበት ፈተና ስለሚያልፈው ሰው ምንም አይናገርም። መልሳቸው ጥሩ ከሆነ ደግሞ ክፍያውን ለአለቃሽ አቅርቢ። ክፍሉን የሰጠሽ እሱ ነው፤ ሥልጠናው የድርጅቱ ወጪ ነው። አንድ ዓመት እሠራለሁ ብለሽ መፈረም ካለብሽ ፈርሚ።

የፈራሽው ነገር ምን እንደሆነ አልጻፍሽም። እኔ ግን የምገምተው አለ፤ ስለዚህ ልናገር። ዋራንቲው ካለቀ አሥር ቀን የሆነው መኪና ይመጣል። ባለቤቱ የአለቃሽ ወዳጅ ይሆናል። «ቀኑን ትንሽ ወደኋላ አድርጊው» ትባያለሽ። አታድርጊው። አምራቾች የቆዩ ክሌሞችን ከጆብ ካርዱና ከደንበኛው ደረሰኝ ጋር እያስተያዩ ኦዲት ያደርጋሉ፤ አንድ የተነካ ቀን ሲያገኙ ሌላውን ሁሉ ይጠረጥራሉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጉድለት ይዞ የመጣ ደንበኛሽም አብሮ ይጎዳል። ቀጥተኛው መንገድ ግን አለ። ብዙ አምራቾች ጊዜው ጥቂት ላለፈበት ደንበኛ በበጎ ፈቃድ ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍኑበት አሠራር አላቸው። ቀኑን እንዳለ ጻፊ፤ ሰርቪሱን በሰዓቱ ሲያደርግ እንደነበር አያይዢ፤ ጠይቂለት። እኔ በዚህ መንገድ ስጠይቅ እንቢ ከተባልኩበት የተፈቀደልኝ ይበዛል።

ሰኞ ሥራ ስትገቢ ከአለቃሽ ሦስት ነገር ለምኚ። የማኑዋሉን የቅርብ ጊዜ እትም፣ የአምራቹን የትምህርት ሲስተም መግቢያ፣ እና ባለፈው ዓመት የተመለሱ ክሌሞችን ፋይል። ፋይሉን ውሰጂና የተመለሱበትን ምክንያት አንድ በአንድ ቁጠሪ። ከማኑዋሉ ጋር አስተያዪ። ስንቱ በጽሑፍ ጉድለት፣ ስንቱ ቀን በማለፉ፣ ስንቱ ዕቃው ባለመገኘቱ እንደተመለሰ ስታውቂ የመጀመሪያ ወርሽ ሥራ ራሱ ይገለጥልሻል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢውን ዞረሽ የተፈቱት ዕቃዎች የት እንደተቀመጡ እዪ። ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ከሌላቸው አሠሪላቸው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የጆብ ካርድ ቁጥር፣ ሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትርና የተፈታበት ቀን ያለበት ወረቀት እሰሪበት። ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ይሁን።